ከሮም ደጅ የቀረው ጫማ

ውድ ጋሽ ክንፈሚካኤል፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ፋናዬ እንደሆነች አውቃለሁ። ፋናዬ፣ እባክሽ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው።

ትናንት ጎረቤትዎ ፀጋው እዚህ ቡሬ፣ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ መልእክትዎን ነገረኝ። እሑድ ፍኖተ ሰላም ተገኝቼ ለፋናዬ ልጅ ክርስትና አባት እንድሆን። «ከእሱ የሚሻል ማን አለ? በሰው አገር እንደ አባቱ ይዞኝ ዞሯል» ብለዋል አሉ። ፀጋው ደስ የሚለኝ መስሎት ይስቃል። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያችን የሮም ቀን እኔ እንደማውቃት ልንገርዎት። እርስዎ በበቆሎ ዘርዎ ለገበሬዎች ስብሰባ ተመርጠው፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሄደን፣ ስብሰባው ባለቀ ማግሥት ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ከተማ ሊያሳዩን ወሰዱን። ጋቢዎን ደርበው፣ ለመንገዱ ብለው የገዙትን አዲስ ጫማ ተጫምተው ነበር። የፈረሰውን የጥንት ግንብ አይተው «ይህን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ስሙ የለም?» አሉኝ። የባላገር ጥያቄ መሰለኝና ለአስጎብኚዋ አልተረጎምሁላትም።

ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ማንንም ሳይጠይቁ ጫማዎን አውልቀው ከዓምዱ ሥር አኖሩ። ተንበርክከውም መድረኩን ተሳለሙ። ከነጫማው የሚገባው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይዎት፣ ፎቶ ያነሳዎት ጀመር። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ሽማግሌው ከአንተ ጋር ናቸው?» አለኝ።

ራሴን ግራ ቀኝ ወዘወዝሁ። «አላውቃቸውም» አልሁት።

ቀና ሲሉ እያዩኝ ነበር። ቋንቋው ባይገባዎት የራስ መወዝወዝ ይገባዎታል።

ስንወጣ ጫማው የለም። «ግዴለም፣ ቸግሮት ይሆናል የወሰደው» አሉ። የጫማ ሱቅ ሞልቶ ነበር። አብሬዎት ገብቼ መታየቱን ጠልቼ «ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው» አልሁዎት፤ ሰው እፊታችን እየገባ እየወጣ። በዚያ በጋለ ድንጋይ ላይ በካልሲ ሲዞሩ ዋሉ። እኔ ሃያ እርምጃ ቀድሜ እሄዳለሁ። ሆቴል ገብተን ካልሲውን ሲያወልቁ ተረከዝዎ ቆስሎ ደሙ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል። እንዳላይ ብለው እግርዎን በጋቢው ሸፈኑት።

አገር ገብተን፣ በሰንበቴው ላይ ሰው ከቦ ሲጠይቅዎት ምን አሉ? «ይህ ልጅ፣ ዘመኑ፣ እጄን ሳይለቅ ነው ያዞረኝ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ» ብለው ቆመው መረቁኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ጠላውን ጠጥቼም ዝም አልሁ። ምርቃቱንም «አሜን» ብዬ ተቀበልሁ። ከሮሙ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ አሜን ነው።

ለምን እንደሸፈኑልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ክርስትና አባት እኮ አፍ ባልፈታ ሕፃን ፈንታ የሚናገር ሰው ነው። እኔ ስለ እርስዎ «አባቴ ናቸው» የምትል አንዲት ቃል ያነቀችኝ ሰው ነኝ። ፋናዬም ይህን ሳትሰማ ልጇን ልታስታቅፈኝ አይገባም።

እሑድ ግን እመጣለሁ። ከደጀ ሰላሙ፣ ሰው ጫማውን ከሚያወልቅበት ዘንድ፣ በባዶ እግሬ እቆማለሁ። ቄሱ «ያ የቆመው ማነው?» ብለው ከጠየቁ እርስዎ ይመልሱላቸው። «አላውቀውም» ቢሉም አልቀየምዎትም።

ሃያ እርምጃ የቀደመዎት፣
ዘመኑ
ቡሬ