የሁለት ቀን አየር የቀረው ልጅ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ያ የሚያስቸግርህ መንጋጋህ ተነቀለ ወይስ አሁንም እያባበልከው ነው? እኛ ከእማዬ የጉልበት ቁርጥማትና ከአባዬ ንዝንዝ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ናፍቆትህን ግን አልቻልነውም።

ዛሬ የምጽፍልህ ልናዘዝልህ ነው፤ እባክህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ከሰው መጽሐፍ ላይ ስህተት ስለቅም ስድስት ዓመት ሞላኝ። አንድ ቀን የራሴን ብጽፍስ ብዬ ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ ጀመርኩ። ለሥራ ብሎ ወደ ሌላ ፕላኔት የሄደ ልጅ ለቤተሰቡ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ፕላኔቱን ከየት አመጣሽው ካልከኝ፣ ከአንተ ደብዳቤዎች ሰርቄ ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይተያይ ዓመት የሚያልፍበትን ፎቅ፣ ካፖርት ለብሶ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚሄደውን ውሻ፣ ደረጃውን በቀስታ ውጣ የሚል ወረቀት በርህ ላይ የምትለጥፈውን አከራይህን፣ ሁሉንም ወሰድኩ። ለአከራይህ ሦስተኛ ዓይን ጨመርኩላት እንጂ ሌላ ነገሯን አልነካሁም።

ጉዱ የመጣው ባለፈው እሑድ ነው። ደብዳቤህ ሲደርስ ጉንፋን ድምፄን ዘግቶት ስለነበር፣ እማዬ እንዲያነቡላት ጎረቤታችንን ጡረተኛውን መምህር ጠራች። እሳቸውን እንደሆነ ታውቃቸዋለህ፣ ወረቀት እጃቸው ከገባ ቤት ቢቃጠል ቀና አይሉም። ደብዳቤህን ከረቂቄ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ኖሮ፣ እማዬ ሁለቱንም አፍሳ ሰጠቻቸው። የአንተን ጨርሰው ትንፋሽ ሳይወስዱ የእኔን ቀጠሉ። ሁለተኛዋ ፀሐይ ዛሬም አልጠለቀችም፤ አከራዬ በሦስት ዓይኗ ገላምጣኝ አለፈች፤ ጠርሙሴ ውስጥ የቀረው የሁለት ቀን አየር ብቻ ነው፤ እያሉ በዜና አንባቢ ድምፅ አወረዱት።

የገረመኝ አንድም ሰው አለመጠርጠሩ ነው። ለነገሩ ውሻ ካፖርት ከለበሰ በኋላ ሁለተኛ ፀሐይ ምን ይገርማል? አባዬ ድሮም ፀሐይ የበዛበት አገር ሰው ያሰንፋል አለ። መምህሩ ባለ ሦስት ዓይን ሰው መኖሩን የሆነ ቦታ ማንበባቸውን ተናገሩ። እማዬ ግን ዓይኗ አራትም ይሁን፣ ልጄ አየር እያለቀበት ምን ያስቀምጠኛል ብላ ብድግ አለች። እኔ መኝታ ክፍል ሆኜ እሰማለሁ፤ ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም። ብርድ ልብሴን እየጎተትኩ ስወጣ እሷ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዛ መንገዱ ማዶ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ደርሳለች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ጠቅጥቀህ ሙላልኝ ትለዋለች፤ እሱም ጀሪካን አየር አይዝም፣ የመኪና ጎማ ይሻልሻል እያለ በቁም ነገር ያማክራታል። በእጄ እያወራሁ፣ በመጨረሻም አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ጽፌ ለጎሚስታው አስነብቤ ነው ነገሩ የገባት።

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና የልጁን መጨረሻ ንገሪኝ አለችኝ። ረቂቄን የሚያየው አርታኢ ልጁ እዚያው ይቅር ብሏል፤ ጥሩ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚያልቀው ይላል። እኔ ደግሞ ወደ ቤቱ ላመጣው ፈልጌ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ አርታኢው ያለውን ነገርኳት። ከዚያ ልጁ ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይበላል አልኳት። አብሮት የሚስቅ ሰው አለው ወይ አለችኝ። አለው አልኳት። እንግዲያው ይቅር፣ በግድ አታምጪው አለችኝና ወጥ ቤት ገባች።

አባዬ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ኮፍያ አድርግ ብሏል። መምህሩ ሰላምታቸውን አቅርበው የሚቀጥለውን ምዕራፍ በጉጉት እየጠበቁ ነው፤ አሁንም ልብ ወለድ መሆኑን ያመኑ አይመስለኝም። እማዬ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላኛለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

ወንድሜ፣ አብሮት የሚስቅ ሰው አለው ያልኳት ከራሴ ፈጥሬ ነው። የሦስት ዓመት ደብዳቤዎችህን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። እኛን በሳቅ ትገድለናለህ፣ አንተ ግን ሳቅኩ ያልክበት አንድም ቦታ የለም። እንደዚያ ያለ ሰው ካለህ ጻፍልኝና መጽሐፉን አርታኢው እንዳለው አስረክባለሁ። ከሌለህ ግን አርታኢው የፈለገውን ይበል፣ ልጁን አመጣዋለሁ። አንተም ና።

ታናሽ እህትህ
ከማተሚያ ቤቱ የአራሚዎች ክፍል
ሐሙስ፣ ሰኔ 3 ቀን