ዝም የሚል ደም

ጥቅምት 6
ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቼ፣ በአርባ ዓመቴ የነርስ ተማሪ። ፈተናው ላይ ሥርዓታማ ፍሰትና ሁከታማ ፍሰት በምን ይለያሉ ይላል። የሸመደድኩትን አወረድኩት... ከአሥር ሁለት! ነርስ ስለ ፈሳሽ አካሄድ ምን አገባት?

ጥቅምት 9
አስተማሪያችን ሲስተር እጅ መታጠቢያው ጋ ወሰደችኝ። ቧንቧውን ለአመል ያህል ከፈተች። ውሃው እንደ መስታወት ዘንግ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ የሚንቀሳቀስም አይመስል። ጨመረችው። ነጣ፣ ተተራመሰ፣ ተንጫጫ።
"ፊተኛው ተነባብሮ፣ ሳይጋፋ ይሄዳል። ኋለኛው እርስ በርሱ ይራገጣል። ደምም ያው ነው። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ዝም። ከጠበበበት ይፈጥናል፣ ይታወካል፣ ይጮሃል።"
ይኸው ነው? ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት?

ጥቅምት 15
ጋሼ ላይ ተለማመድኩ። እንደ አባት ያሳደገኝ አጎቴ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ... በቀኝ ዝም። በግራ ሹ... ሹ... ልቡ በመታ ቁጥር።
"ምን ያስፈጥጥሻል?"
"ጋሼ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ።"
"ገና በሁለት ወርሽ በሽተኛ አደረግሽኝ?"
ተሳስቼ ይሆን? ከአሥር ሁለት ያመጣች ሴት...

ጥቅምት 16
እምቢ አለ። ባለቤቱ ግን ወጥ ቤት ጠርታ ሹክ አለችኝ፤ ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጁ ለአፍታ አልታዘዝ ብሎት ብርጭቆ ጥሏል። ቀኝ እጅን የሚያዘው የግራው አንጎል ነው፤ ደሙ የሚደርሰው ደግሞ በግራው አንገት! ለማንም እንዳትናገር አስምሏት!
ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ደሜ ፈልቷል። "ወይ ትነሳለህ፣ ወይ እዚሁ አለቅሳለሁ።" ሲስተር ያለችውንም ነገርኩት።
"ሠላሳ ዓመት ስነዳ ጠባብ መንገድ ላይ አፍጥኜ አላውቅም። ይኼ ደሜ ከማን ተማረ?"
ጫማውን አጠለቀ።

ጥቅምት 17
የግራው የአንገት ደም ሥር በጣም ጠቧል። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ... አልጽፈውም።
ሐኪሙ "መጀመሪያ ማን ሰማው?" ሲል፣ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ "ልጄ!"

ጥቅምት 24
ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ነቅቶ ያለው፦ "እነዚህ ሰዎች ምሳ አያበሉም?" ተመስገን።

ኅዳር 20
ጋሼ ጉድ ሠራኝ። የድሮ ሹፌር ጓደኞቹን አራቱንም ሳሎን ደርድሮ፣ ኮሌታቸውን አስፈትቶ ጠበቀኝ። "ልጄ ታዳምጣችሁ!"
አንድ በአንድ፣ በቀኝም በግራም። ዝም... ዝም... የመጨረሻው ሰውዬ ላይ ደግሜ አዳመጥኩ፤ የእሱም ደም ዝም። ሰውዬውን ላብ አጠመቀው።
"እኔም ጋ ምንም የለም? እርግጠኛ ነሽ?"
"እርግጠኛ ነኝ" አልኩት።