ከሼህ ሀምዱ መንዙማ ግርጌ ያለው ፊርማዬ

አባዬ፣ ሰላምታውን ሳላደርስ ልጀምር፤ ይፍቀዱልኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ጧት፣ አለቃዬ ጓድ ብሩ የፈረምሁበትን ወረቀት ተቀብሎ ባዶ በተተወው ራስጌው ላይ መጻፍ ሲጀምር፣ እኔ አንድ ሽማግሌ ያስፈታሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቆሜ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

አሁን አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እማዬስ፣ ሳሏ ለቀቃት? የሰንዓው ሱቅ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አካሌ ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ጽሕፈት ቤት ተቀጠርሁ ያልሁዎት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ሒሳብ ስለማውቅ መርጠው ወሰዱኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በቁጥርና በተዘበራረቀ ፊደል የተጻፈ የምስጢር መልእክት ስፈታ ኖርሁ። ፈቺ ከታች ይፈርማል፤ መልእክቱ ምን እንደሆነ ራስጌ ላይ የሚሞላው አለቃ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላልሁም።

የቦሩ ሜዳውን ሼህ ሀምዱን ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ከነደብተራቸው ያዟቸው። አስተርጓሚው ፊደሉ ዐረብኛ ነው፣ ቃሉ ግን ትርጉም የለውም ስላለ፣ ምስጢር ነው ተብሎ ለእኔ መጣ። ገና ስገልጠው ሳቄ መጣ። እርስዎ በልጅነቴ ያስተማሩኝ ነው፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የእኛው አማርኛ፣ የነቢ መንዙማ፣ የውዳሴና የመዲና ናፍቆት ዜማ። ቃል በቃል ገልብጬ ፈረምሁና፣ ጓድ ብሩን ሰውዬው ምንም የለባቸውም አልሁት። «ይህ የምትናፍቁት የመዲናው ሰው ማን ነው? ከዚያ ሆኖ ነው የሚመራችሁ?» አለኝ። ነቢያችን ናቸው ብዬ ስነግረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ መፍታት እንጂ መስበክ አይደለም» አለና ራስጌው ላይ «የተፈታ የጠላት መልእክት» ብሎ ጻፈ።

ባለቤታቸው እትዬ ሳፊያ ስምንት ቀን ስንቅ ይዘው በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆሙ። አንድ ጧት «ልጄ፣ ስትገቢ አይሻለሁ፤ በልቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን ዘበኛው ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ አላቸው። በዚህ ዘመን መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ የፈረምሁት እኔ ነኝ አልኋቸው። እሳቸውም ተቀመጪ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓድ ብሩ በዕድገት አዲስ አበባ ልላክሽ ይለኛል። አክስቴ ከሪማ ደግሞ ቻል አድርጊው ትላለች።

ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ማን እንደሚከፍተው አውቃለሁ። የአሰብ መስመር ሾፌሩ እንድሪስ ባሕር ለሚሻገር፣ ለሚያምነው ሰው ይሰጥልኛል። እማዬን እጇን ይሳሙልኝ። ወንድሜ በሺር ትምህርቱን እንዳይተው ይንገሩልኝ፤ ትንሿን እኅቴን ሂንድንም ይቀፉልኝ።

ዕድገቱን አልወስድም። ሌላ ሰው በሚሞላው ወረቀት ግርጌ ስሜን አላኖርም። ዱዓ ሲያደርጉልኝም ሰላሜን ብቻ አይለምኑልኝ፤ ዝም በማለት የሚገኝ ሰላም ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅዎ ለይላ
ሆጤ፣ ደሴ
ግንቦት 7 ቀን 1972 ዓ.ም.