ያልተሳልከው ስለት

አባዬ፣

አርባህን ካወጣን ሳምንት ሆነው። እስካሁን ዝም ያልኩህ ቤቱ ሰው ስለማያጣ ነው። አሁን ድንኳኑም ፈርሷል፣ እንግዳውም ተበትኗል። ተናድጄብሃለሁ። ቢሰሙኝ ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ነገሌ ያው ነገሌ ናት፤ ባጃጆቹ ከጧት ጀምሮ ይንጫጫሉ። እማዬ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ከአልጋ ለመነሳት የኔን ክንድ የምትይዘው ሴት፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ዳቦ ቆሎ ቆልታ በከረጢት ቋጥራ አስቀምጣለች። ሞያሌን ተሻግራ በእግሯ ልትሄድ ነው። ያንተን ስለት ልታደርስ!

ውሸቱን ያመጣኸው ከሠራዊቱ በጡረታ የወጣህ ዓመት ነው። ከጦር ሜዳ በደህና ከተመለስኩ በሰው አገር በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስዬ ነበር አልካት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሞያሌ ድረስ በሚኒባስ፣ ድንበሩን አልፈህ ኬንያ ውስጥ በእግርህ። አንተ ስትሄድ እሷ ትጾማለች። የፍስክ ሰሞን እንኳ፣ ስለትህ እንዲሰምር ብላ፣ ቅቤ ከአፏ አይገባም ነበር። አንተ ማዶ በየሻይ ቤቱ ወተት የበዛበት ሻይ ትጠጣለህ!

አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት እኔንም ይዘኸኝ ሄድክ፤ ከሞያሌ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ሶሎሎ። የጭነት መኪና ሾፌሮች መኪናችን የተበላሸ እየመሰላቸው ይቆሙልን ነበር፤ አንተ አመስግነህ ትሸኛቸዋለህ። ግመል የሚነዱ ሽማግሌዎች ናጋ? ብለው ሰላምታ ሲሰጡህ ቁጭ ትልና የዝናቡን፣ የከብቱን፣ የልጆቹን ደህንነት ስትጠያየቅ ጥላው ከላያችን ይሸሻል። ግራር ሥር በረባሶህን አውልቀህ፣ ሠራዊት ቤት የሄድኩት ሁሉ በትእዛዝ ነበር፣ ተነስ የሚል ሳይኖር መሄድ እንዲህ ይጣፍጣል ለካ አልከኝ። ስለቱስ? ብልህ ሳቅህ። ያለ ምክንያት በባዕድ አገር በእግሩ የሚዞር ሽማግሌ አበደ ይባላል፣ እናትሽ ስለት ነው ብላ ትመን፣ አንቺም እንዳትነግሪያት አልከኝ። ቤት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። እኔም እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፣ አባዬ፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው።

ቀብርህ ላይ አጎቴ የሕይወት ታሪክህን ሲያነብ፣ ፈጣሪውን ያልረሳ፣ ስለቱን በእግሩ የከፈለ አለህ። ሕዝቡ አነባ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። የንስሐ አባታችን ደግሞ ሟቹ ሳያደርሰው የቀረ ስለት ካለ ቤተሰቡ ያድርስለት አሉ። የዘንድሮውን ሳትሄድ ነዋ የሞትከው! እማዬ እዚያው መቃብሩ አጠገብ ቆረጠች።

እንዴት ብዬ ዝም ልበል? በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ጉልበት፣ ለሌለ ስለት መንገድ ላይ ልትቀርብኝ ነው እኮ። አንተ አፌን ለጉመህ ሄድክ፤ የምትፈርሰው ግን እሷ ናት። ስለዚህ ትናንት ነገርኳት። ስለት የሚባል ነገር የለም፣ የሚሄደው ደስ ስለሚለው ነው አልኳት።

ትረግምሃለች ብዬ ነበር። የጾመችውን ሁሉ እያነሳች ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የዳቦ ቆሎውን ከረጢት እየፈታች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ያኔ እኮ ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ታዲያ እኔን ለምን ይዞኝ አልሄደም?

ይህን አንተን ነበር መጠየቅ፣ አንተ ደግሞ የለህም። አልረሳህም፣ አባዬ፤ ግን አጎቴ እንዳነበበህ አላስታውስህም። ግራር ሥር እንደሳቅህ ነው የማስታውስህ። ስምህ በተነሳ ቁጥርም እሷን አብሬ አነሳታለሁ፦ መንገዱ ለሁለት እየበቃ ቤት ጥለሃት የሄድካትን ሴት።

ልጅህ