ዝም ተብሎ የሚቀዳው ውሃ

ውድ እህቴ ስቶይና፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ወገብሽ እንዴት ነው? የምትጠብቂያትን አሮጊት ማንሳትና ማስተኛቱ እንደጎዳሽ ለአክስታችን ለዶና ነግረሻት ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ራሚሮስ ደህና ነው? ኔዳዬስ አደገች? የእናታችንን ስም ብቻ ሳይሆን መልኳንም ይዛለች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዶናም ዶሮዎቿን ስትረግም ትውላለች፤ ደህና ናት ማለት ነው።

ዛሬ ምን ነክቶት ጻፈ እንደምትይ አውቃለሁ። ለገና ከምልካት ካርድ ሌላ ጽፌልሽ አላውቅም። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ግን ሳልጨርስ ከወንበሬ አልነሳም።

በጫካችን ውስጥ የእግር መንገድ ተሠራ። ከወፍጮው ተነስቶ ገደሉን ይዞ እስከ ላይኛው ፏፏቴ ይወጣል። የእንጨት ድልድዮቹ የእኔ ሥራ ናቸው። በየፏፏቴው ተረት የተቀረጸበት ሰሌዳ አለ። ተረቶቹን አዲሷ አስተማሪ ዝላትካ ከሽማግሌዎች ሰበሰበች፣ ፊደሉን እኔ በመሮ ፈለፈልኩ። የሦስተኛውን ጽሑፍ ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ አንዲት ልጅ ለታመመች እናቷ ፀሐይ ሳትወጣ ከዚህ ፏፏቴ ውሃ ቀዳች። ውሃው ቤት እስኪገባ አንድ ቃል እንኳ ከአፏ ከወጣ ፈውሱ ይጠፋል። የጫካዋ እመቤት በስሟ ጠራቻት፤ ልጅቷም አፏን መያዝ አቅቷት መለሰች፣ እናቷም ሞተች።

አንቺን እኮ ነው ስቶይና! በቁምሽ ተረት አደረጉሽ። እኔም ጭጭ ብዬ ፈለፈልኩት። ጭራሽ ፊደሉ አምሮልሃል ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ አፈር ልብላ!

በጊዮርጊስ ዕለት መንገዱ ተመረቀ፣ እንግዶችም ከከተማ በሁለት አውቶቡስ መጡ። ዝላትካ ከፊት ሆና ታወራለች፣ እኔ ጉልበቴን እየጎተትኩ ከኋላ እከተላለሁ። ሦስተኛው ፏፏቴ ጋ ስንደርስ ተረቱን አንበለበለችው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሚስቱን «አንቺ ብትሆኚማ ገና ከበሩ ሳትወጪ ለፍልፈሽ ነበር» አላትና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ቆይ እስቲ፣ ማን ነው የጠራት?» አለች። «የጫካዋ እመቤት ናታ!» አለች ዝላትካ። «ምን ብላ?» ስትላት ዝላትካ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ማን ያውቃል? እመቤቲቱ እኔ ነኝ፣ ከነጢሜ።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። በዚያ ውሃ ስቀልድብሽ ሰንብቼ፣ ማለዳ ተከትዬሽ ከትልቁ ዛፍ ጀርባ ተደበቅሁና «ስቶይና፣ እግሬ ተሰበረ!» ብዬ ጮህኩ። አንቺም «መጣሁ ወንድሜ!» ብለሽ የመዳብ ባልዲውን እንደያዝሽ ሮጥሽ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ የነበረው ፊትሽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን እናታችን ዐረፈች። ውሃው ያድናት እንደነበር አላውቅም፤ ሐኪሙም ቀድሞ ተስፋ ቆርጦ ነበር። መንደሩ ግን በአንቺ ላይ ጣቱን ቀሰረ። ዶና እንኳ ቀብር ላይ ፊቷን አዞረችብሽ። በዓመቱ አገር ለቀሽ ሄድሽ።

ማን እንደጠራሽ ግን ለማንም አልተናገርሽም። አፏን መያዝ አቃታት የተባልሽው አንቺ፣ የእኔን ስም ሃያ ስድስት ዓመት ያዝሽልኝ። እኔም በየተዝካሩ እንደ ደህና ልጅ ሻማ ሳበራ ኖርኩ። ስትደውዪ ስልኩን ለዶና አቀብዬ ከቤት የምወጣው ከሥራ ብዛት አልነበረም። አፍሬ ነው።

እዚያው ሰው ፊት «የጠራት ወንድሟ ነው፤ እኔ ነኝ» አልኩ። ፏፏቴው ሲጮህ ዝላትካ አልሰማችኝምና «ምን አልክ?» አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፤ መድገሙ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ያቺ ሴት «ልጅቷ በሕይወት አለች?» አለችኝ። «አለች» አልኳት። «ታዲያ ይህን ለእኛ ትነግረናለህ እንዴ?» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ዶና ስትሰማ በማማሰያ ጀርባዬን ካለችኝ በኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ሰሌዳውን ነቅዬ አዲስ ተከልኩ። «ስቶይና ወንድሟ ሲጠራት እዚህ ላይ ‹መጣሁ› አለች። ወንድሟ ግን ዋሽቷት ነበር» ይላል፤ ከሥሩ ስሜ አለ።

ይቅርታሽን በወረቀት አልለምንም። የዛሬ ሳምንት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝም አልቀየምሽም፤ ደጅሽ ቆሜ ለአንቺ የሚነገረውን ለአንቺ እናገራለሁ።

ራሚሮን ሰላም በይልኝ። የምትጠብቂያትንም አሮጊት እግዜር ይማርሽ በያት። ዶና «ፊቴን ያዞርኩበት ቀን ይቆጨኛል በላት» ብላለች፤ እያለቀሰች ነው ያለችው። ኔዳን ጉንጯን ሳሚልኝና አያቷ የሞተችው በእናቷ አፍ እንዳልሆነ ንገሪያት።

አንቺ የውሸት ጥሪ ሰምተሽ ሮጠሽልኛል። እኔ ሳትጠሪኝ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላም ቢሆን፣ መጣሁ እህቴ።

ወንድምሽ ቬልኮ
ስቱደን ቪር፣ ከጊዮርጊስ በዓል በሦስተኛው ቀን፣ 2019