ስለ ባዶዋ ወንበርና ስለ ተቀመጠው ጥላ

ለተከበሩ ጓድ ዳኜ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
ነፋስ ስልክ

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለባህል ጉዳይ ኮሚቴውም ሙሉ ጤንነት፣ ረጅም ዕድሜና የማይደክም ዓይን እመኛለሁ፤ በተለይ ዓይኑን፣ ነገሬ ስለ ሥዕል ነውና። ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ድረስ ገብቼ ስብሰባዎን እንዳላቋርጥ ብዬ ነው፤ ስብሰባ የሌለበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ተናኘወርቅ እባላለሁ፤ የማስታወቂያ ጸሐፊው የደምሰው ሚስት ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠጅ ቤትና የልብስ ሰፊ ሰሌዳ ሲጽፍ ኖሮ፣ ለራሱ የሣለው ኮሚቴው የወሰደውን ያንን ትልቅ ሸራ ብቻ ነው። ሸራው ከዳር እስከ ዳር አመድማ ነጭ ነው። ታች ጥጉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ወንበር አለች፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ቆማለች። ማንም አልተቀመጠባትም። ጥላዋ ግን ሰው የተቀመጠባት ወንበር ጥላ ነው፤ አንገቱን ደፋ ያደረገ ሰው።

መጀመሪያ ላይ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ከሥራ ስመለስ ፊት ለፊቱ ቁጭ ማለት ለመድኩ፣ ቀስ በቀስም ገባኝ። ያ ሁሉ ባዶ የኔው ቤት ነው። ወንበሯ ላይ ሰው እንደሌለ ዓይኔ ያያል፣ ጥላው ግን አልተነሣም። ብቸኝነቴን የሚያውቅልኝ ያ ሥዕል ብቻ ነበር፤ እሱን ወስዳችሁ ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

አንደኛ፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ማስጌጫ ሸራ ሲቸግራችሁ እኔን ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ለአንዲት ወንበር ይህን ያህል ቦታ ባዶ መተው የንዑስ ከበርቴ አመል መሆኑን ኮሚቴው ሥዕሉን ተሸክሞ ሲወጣ በትዕግሥት አስረድቶኛል። ትርፍ ቤት እንደሚወረስ አውቅ ነበር፤ ትርፍ ባዶም እንደሚወረስ ያን ዕለት ተማርኩ። ባዶው ላይም በቀይ ቀለም «ምርታችን ይትረፍረፍ!» ተብሎ ተጻፈበት። ሥዕሉ የተሰቀለበት የቀበሌው አዳራሽ ከኅብረት ሱቁ ጎን ስለሆነ፣ ጤፍ ለመግዛት የምንሰለፈው ሰዎች በመስኮት የምናነበው አገኘን፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ ኮሚቴው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሥዕሉ ፊት ተቀምጦ፣ ጥላው የማን እንደሆነና ባለጥላው የት እንደተደበቀ ስለተወያየ አመሰግናለሁ። ወይ ጉድ! ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሥራውን እንዲህ አትኩሮ ያየለት አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳያይ መሞቱ ይቆጨኛል።

ከዚያ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። በእሑዱ ስብሰባ፣ ልጇ ግንባር ሄዶ ወሬው የጠፋባት ጎረቤቴ ሙሉመቤት ሥዕሉ ፊት ቆመችና፣ «የኔን ቤት ማን ሣለው?» ብላ ጠየቀች። አንድ አንድ እያለ ሰዉ ዙሪያዋን ቆመ፤ ሽማግሌው ኦቦ ቀጄላም ኮፍያቸውን አወለቁ። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የሰማ አልነበረም። በሳምንቱ ወንበሯ ላይ መዶሻ የጨበጠ ላብ አደር ተሥሎ ተቀምጦ አገኘነው። እሰይ፣ ባዶ ወንበር ከማየት ዳንን!

እስካሁን ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ላብ አደሩ ቀና ብሎ ጥላው አንገቱን መድፋቱ ለእንግዶች ስለማይመች፣ ከመስከረም ሁለት በፊት ጥላው በነጭ ቀለም እንዲጠፋ መወሰኑን ሰማሁ። ይኼስ አላስችል አለኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ጥላ ደምሰው ነው። ግድግዳ ላይ ያረፈ የራሱን ጥላ እያየ ነው የሣለው፤ አንገቱንም የደፋው ዘመኑን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሲያቀረቅር ስለኖረ ነው። ፎቶግራፍ መነሣት አይወድም ነበርና ሌላ መልክ አልተወልኝም።

ስለዚህ ቀዩ ጽሑፍ ይቆይ። ላብ አደሩም ይቀመጥ፤ ደክሞታል፣ ይገባዋል። ሸራውንም መልሱልኝ አልልም፤ እዚያው አዳራሽ እየመጣሁ አየዋለሁ። ጥላውን ብቻ ተዉልኝ።

ለሰጣችሁኝ ትምህርት ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣
ግድግዳዋ ላይ ምስማር ብቻ የቀረላት ነዋሪዎ፣
ተናኘወርቅ
ነሐሴ 1976 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ላብ አደሩ ሳይቀመጥ በፊት፣ ያን እሑድ ሰዉ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ እርስዎ ብቻዎን ተመልሰው ሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ መቆምዎን ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ፤ የአዳራሹ መስኮት ብዙ ነው። እኔም ማን ተቀምጦ እንዳዩ አልጠይቅዎትም። ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው ታናሽ ወንድምዎም ሲቀመጥ አንገቱን ደፋ ያደርግ እንደነበር ሰፈሩ አልረሳም። ጥላው የግድ ይጥፋ ካሉ፣ እባክዎን ብሩሹን ለሌላ ሰው አይስጡ፤ በገዛ እጅዎ ያጥፉት።