የጋይንት መንገድ ዳር ቀይ ቤት

ጋይንት፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.
ይድረስ ለእታለም ሐረገ ወይን፣

እዚህ መንገድ ዳር ያለው የጣሊያን ጊዜ ቀይ ቤት የዛሬ ሳምንት ሰኞ ይፈርሳል። እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ቤቱ የመንገድ ጠባቂዎች ማደሪያ ነበር። ጫፉ እንደ መርከብ ሾጠጥ ያለ ሲሆን በሣር ጎጆዎች መካከል ብቻውን ቆሟል። ጋዜጣው የላከኝ ሳይፈርስ ፎቶ እንዳነሣው ነው። የመጀመሪያውን ፊልም አዘጋጁ «ሁሉም ደብዛዛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የጧት ጉም ነው ብዬ ጻፍኩለት፤ ትናንትም በጠራራ ፀሐይ ደግሜ አነሣሁ።

አሁን ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው አየኋቸውና ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ?» አልኩ። ሳቃቸው የተሰማኝ ከኋላዬ ነው።

«ልጄ፣ ለተሰጣው ጋቢዬ እንዲህ ከሰገድክ፣ ለእኔማ መሬት ልትስም ነው!» አሉኝ።

አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤት አስገብተው ልጃቸው ከሐረር የላከላቸውን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። መነጽሬን ረስቼ መጣሁ አልኳቸው። መነጽር ኖሮኝ እንደማያውቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

እዚህ የማጫውተው ሰው ስለሌለኝ ቀኑ አይመሽልኝም። ስትጽፊልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፤ የዚህ አገር ፋኖስ ደካማ ነው። ልጆችሽን ሁሉ አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ሁለተኛው ፊልም ዛሬ ጧት በአውቶቡስ ሄዷል። አዘጋጁ አይቶት በሥራው እንድቀጥል ወይም እንድመለስ ይወስናል። ውሳኔውን ሐሙስ ደብረ ታቦር ሄጄ በስልክ እሰማለሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ ጓዴ